ቆዳው የታመመው «ሻርክ»፦ የአንድ ካፌ አኳሪየም ጉዳይ ጥናት

ይህ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ካፌ አኳሪየም ጉዳይ ነው። ሁለት ትልልቅ ዓሦች ነበሩበት። ሱቅ ውስጥ «ሻርክ» ተብለው የሚሸጡት፣ ጎናቸው ብርማ፣ ጢም ያላቸው ዓሦች። ዘራቸው የአምባዛ ወገን ነው፤ ፓንጋሲየስ ይባላሉ። አገራቸው ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ የሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ነው። ሱቅ ላይ ሲታዩ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። በወንዛቸው ግን ከ1 ሜትር በላይ ያድጋሉ።

የካፌው ትልቁ ዓሣ ያኔ 50 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፣ ትንሹ 40 ገደማ። መስታወቱ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠጠሩና ግንዱ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ 850 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ስለሚያሳስበኝ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲታመም በየቦታው የማየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ሱቅ ይኬዳል፣ ጠብታ ይገዛል፣ ይጨመራል። ምን በሽታ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቅርፊት ያለው ዓሣ ይህን አንዳንዴ ይችለዋል። የአምባዛ ወገን ግን በበሽታው ሳይሆን በመድኃኒቱ የሚሞትበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ በሽታውን መለየት፣ ቀጥሎ ውኃውን ማስተካከል፣ መድኃኒት ካስፈለገ ደግሞ መጨረሻ ላይ። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ የዚህ ካፌ ጉዳይም ለምን እንደሆነ በደንብ ያሳያል።

የደወሉልኝ ቀን

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ብርዱ የጠናበት ሰሞን። ባለቤቱ ደውለው «ዓሦቹ ጨው የተነሰነሰባቸው መስለዋል፣ መብላትም አቁመዋል፣ ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ።

ስደርስ ውኃው ሰማያዊ ነበር። ከሱቅ የተገዛው ጠብታ ነው። ሠራተኛው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን ጨምሯል። በማግስቱ ለውጥ ሲያጣ ደግሞ ደግሞታል። የሸጠለት ሰው «ለሁሉም ዓሣ ይሆናል» ብሎታል። ጠርሙሱን አገላብጬ አነበብኩት። ፎርማሊንና ማላካይት ግሪን የተቀላቀለበት ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል «ቅርፊት ለሌላቸው ዓሦች ግማሽ መጠን» ይላል።

ትልቁ ዓሣ ከታች ጥግ ላይ ተኝቷል። ትንሹ በየደቂቃው ወደ ላይ እየወጣ አየር ይጎርሳል። እርግጥ ፓንጋሲየስ ጤነኛም ሆኖ አልፎ አልፎ አየር ይወስዳል፤ የሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት እንደ ሳንባ ያግዘዋል። የኛው አምባዛም ከስንጥቡ (ዓሣ ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል) በላይ ባለው አካል አየር ይተነፍሳል። ግን በየደቂቃው ሲሆን ስንጥቡ ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

የስልኬን መብራት በጎን በኩል አበራሁ። ፊት ለፊት ከበራ ምንም አይታይም፣ በጎን ሲሆን ግን ቆዳው ላይ ያለው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ነጫጭ ነጥቦች ክንፎቹን፣ ጭራውንና ጢሞቹን ሳይቀር ሞልተዋቸዋል። ትልቁ ዓሣ አፍንጫው ላይ ሌላ ነገርም አለ። ቆዳው ተልጦ፣ ቁስሉ ላይ ነጭ ጸጉራም ነገር በቅሏል።

ስለዚህ የቆዳ ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ይህን ቀድሞ ማየት ለውጥ ያመጣል፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ሊያባብስ ይችላልና።

ከየት መጣ?

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለማድመቂያ ተብሎ ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች ተገዝተው ነበር። ከሱቅ በመጡበት ፌስታል እንዳሉ፣ ከነውኃው አኳሪየሙ ውስጥ ተገለበጡ። ግማሾቹን ሻርኮቹ በሏቸው። የቀሩት ላይ እኔ ስደርስ ያው ነጭ ነጥብ ይታይ ነበር።

ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ካፌው ጄኔሬተር አለው። የማኪያቶ ማሽኑና ፍሪጆቹ ተያይዘውበታል፣ አኳሪየሙ ግን አልተያያዘም። ማሞቂያውም፣ ማጣሪያውም፣ የአየር ፓምፑም እስከ ጠዋት ቆመው አደሩ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 19 ዲግሪ ያሳይ እንደነበር ጥበቃው አስታወሰ። ወትሮ 26 ነው።

ንጋት ላይ መብራቱ ሲመጣ የአኳሪየሙ አምፖል ጨለማው ውስጥ በአንዴ ቦግ አለ። ፓንጋሲየስ ድንጉጥ ዓሣ ነው፣ በደነገጠ ጊዜ ፊት ለፊቱ ምን እንዳለ አያይም። ጥበቃው «መስታወቱን ሲመታው እኔ ራሴ ደነገጥኩ» ብሎኛል። የአፍንጫው ቁስል ከዚያ የመጣ ነው።

ውኃውን በጠብታ መመርመሪያ አየሁት። አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻና ከሚበሰብስ ምግብ የሚመጣ መርዝ) በሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) 7.8። ጤነኛ አኳሪየም ላይ አሞኒያ ዜሮ መሆን አለበት። ማጣሪያ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ደግሞ ኦክስጅን ያለው ውኃ ሳያቋርጥ እንዲያልፍባቸው ይፈልጋሉ። ሌሊቱን ሙሉ ውኃው ሲቆም ብዙዎቹ አልቀዋል። ፒኤቹ ከፍ ሲል የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ይጨምራል። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 7.8 ላይ ግን ከ3 በመቶ ያልፋል። አሞኒያ ስንጥብንና ቆዳን ያቆስላል። የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ለጥገኛ ተዋሲያን የተከፈተ በር ነው።

ቅርፊት የሌለው ቆዳ

አምባዛን ብዙ ምእመን የማይበላው ቅርፊት ስለሌለው ነው። የኦሪቱ ሕግ የሚፈቅደው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው። ዓሣ ለሚያሳድግ ሰው የቅርፊት አለመኖር ሌላ መዘዝ አለው።

ቅርፊት ያለው ዓሣ ከውጭ ጠንካራ መከላከያ አለው። የአምባዛ ወገን ያለው ልጋግ ብቻ ነው። ያ የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ቆሻሻ አይደለም፤ ባክቴሪያ የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት፣ ዓሣው ሕይወቱን የሚጠብቅበት ነው። ከሥሩ ያለው ስስ ቆዳ በነርቭ የተሞላ ነው። የአምባዛ ወገን ምግብ የሚቀምሰው በአፉ ብቻ አይደለም። በጢሞቹና በመላ ሰውነቱ ላይ የጣዕም ሕዋሳት አሉት። እንግዲህ ውኃ ውስጥ ፎርማሊን፣ መዳብ ወይም ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ሲጨመር መላ ሰውነቱ ነው የሚነካው።

ሌላም አለ። የዓሣ ደም ከወንዝና ከሐይቅ ውኃ የበለጠ ጨው ይይዛል። ስለዚህ ውኃ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ወደ ውጭ ይወጣል። ቆዳው ሲቆስል ይህ ይፈጥናል። ብዙ ጊዜ የታመመ ዓሣ አቅሙን የሚጨርሰው ያን ሲመልስ ነው። ትንሽ ጨው ውኃው ውስጥ መጨመር የሚያግዘውም ለዚህ ነው፤ ልዩነቱን ያጠበዋል።

ማይክሮስኮፑ

ባለቤቱ በዚህ መሃል አንድ ሐሳብ አመጡ። «ልጄ፣ ለምን ቴትራሳይክሊን አንጨምርበትም? የጎረቤቴ ልጅ ጨምሮ ድኖለታል።»

«ጋሼ፣ ነጥቡ ባክቴሪያ ካልሆነ ቴትራሳይክሊን ምንም አይሠራለትም» አልኳቸው። «የቀሩትን የማጣሪያ ባክቴሪያዎች ግን ሊጨርስልን ይችላል። ከዚያ አሞኒያው ይብሳል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንይ።»

ላቦራቶሪ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። ዓሣውን በመረብ አልያዝንም። የአምባዛ ወገን ደረቱ አጠገብ ባሉት ክንፎች ላይ መጋዝ የመሰለ ጥርስ ያለው እሾህ አለው። መረብ ውስጥ ይሰካል፤ ዓሣው ሲታገል ክንፉ ይሰበራል፣ የያዘውም ሰው ይወጋል። በትልቅ ወፍራም ፕላስቲክ ከነውኃው አቅፈን ወደ ገንዳ አዛወርነው፣ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንን። እጃችንን አስቀድመን አርጥበናል፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል።

ከጎኑ ላይ በስስ መስታወት ጠርዝ በጣም ቀስ ብለን ልጋግ ወሰድን። ከአፍንጫው ደግሞ ከጸጉራሙ ነገር በጥቂቱ። በአኳሪየሙ ውኃ ጠብታ ላይ አድርገን አየናቸው።

የመጀመሪያው ገና ሲያዩት ያስታውቃል። ክብ፣ ጠቆር ያለ ነገር በዝግታ ይሽከረከራል። ዙሪያውን ጥቃቅን ጸጉሮች ይርገበገባሉ። መሃሉ ላይ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ኒውክለስ በግልጽ ይታያል። ይህን ቅርጽ ያየ ሰው አይጠራጠርም፤ ኢክቲዮፍቲሪየስ ነው፣ ባጭሩ «ኢክ» የሚባለው የነጭ ነጥብ በሽታ። ባለቤቱንም ጠርቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ለእኔ ይበልጥ የሚያስፈልገኝ ሁለተኛው ነበር። አፍንጫ ላይ የሚወጣ ነጭ ነገር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውኃ ሻጋታ ነው። ሌላው ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ስሙ ብዙ ጊዜ «የአፍ ፈንገስ» እየተባለ ያሳስታል። ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። የሚፈልጉት ግን ተቃራኒ ነው። ሻጋታው ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል። ባክቴሪያው ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፤ ውኃውን 30 ዲግሪ ብናደርሰው ዓሣውን በአንድ በሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል። ለኢክ ደግሞ ትልቁ መድኃኒት ሙቀት ነው። ስለዚህ ሕክምናው በሙሉ እዚህች ስላይድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ያየነው ወፍራም፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ረጃጅም ክሮች ነው። ኮለምናሬ ቢሆን ኖሮ እየተንሸራተቱ የሚንቀሳቀሱ በጣም ቀጫጭን ዘንጎች ተከማችተው እናይ ነበር። እነሱን አላየንም። ሻጋታ ነው። ከታሪኩም ጋር ገጠመ፦ ብርድ የገባበት ሌሊት፣ አዲስ ቁስል። እንግዲህ ሙቀቱን መጨመር እንችላለን።

ሕክምናው

መጀመሪያ ያደረግነው መድኃኒቱን ማውጣት ነው። 40 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ቀየርን፤ ማጣሪያው ውስጥ አክቲቭ ካርቦን ጨመርን፣ እሱ የቀረውን ቀለምና ኬሚካል ይስባል። አዲሱ ውኃ ከቧንቧ በቀጥታ አልገባም። ሮቶ ውስጥ ቀድሞ የተጠራቀመ ነበር፣ ክሎሪኑን ለማጥፋት ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምረንበታል። የሮቶ ውኃ በነሐሴ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ የኩሽናው ሰዎች እያፈሉ አለዘቡልን።

ትንሹ ዓሣ በዚያው ሌሊት ሞተ። ስንጥቡን ከፍተን አየነው፤ ገርጥቶ በነጥብ ተሞልቷል። ኢክ ቆዳ ላይ ሲሆን ያሳክካል፣ ስንጥብ ላይ ሲሆን ያፍናል። ፎርማሊን ደግሞ የውኃውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ያ ዓሣ ሁለቱ ተደራርበውበታል። አሳዝኖኛል። ቀድመው ቢደውሉልኝ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኢክን ለማከም ኑሮውን ማወቅ ግድ ነው፤ የብዙ ሰው ሕክምና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። በዓይን የምናየው ነጭ ነጥብ ቆዳው ላይ ሳይሆን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ነው ያለው። እዚያ እያለ ምንም ጠብታ አይደርስበትም። ሲጠግብ ቆዳውን ጥሶ ይወጣል፣ ታች ጠጠሩ ላይ ይጣበቃል፣ ሽፋን ሠርቶ በመቶዎች ይከፋፈላል። ከዚያ የሚወጡት ልጆቹ እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ። ሊገደሉ የሚችሉት እነዚህ ዋናተኞቹ ብቻ ናቸው። በ25 ዲግሪ ይህ ዑደት ሳምንት አይሞላም። በቀዝቃዛ ውኃ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ነጥቡ በሦስተኛው ቀን ሲጠፋ «ዳነ» ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ነጥቡ የጠፋው ታች ወርዶ እየተባዛ ስለሆነ ነው።

ሙቀቱን ከ24 ወደ 30 ዲግሪ በሁለት ቀን አደረስነው። በአንዴ አይደለም። ሙቀቱ ሲጨምር ዑደቱ ይፈጥናል፤ 30 ላይ ደግሞ አብዛኛው የኢክ ዘር መራባት ያቅተዋል። ሁለተኛ ማሞቂያ ጨመርን፣ ጀርባውንና ጎኑን በብርድ ልብስ ሸፈንን።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ያው ውኃ ከ5.7 ብዙም አያልፍም። ከባሕር ወለል አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርህም። እኛ ሙቀቱን ከመንካታችን በፊት ሁለት ትልልቅ የአየር ፓምፖች አስገባን፣ የማጣሪያውንም መውጫ ውኃው ከላይ እንዲረጭ አደረግነው።

ጨው በሊትር 2 ግራም፣ በጠቅላላው 1.7 ኪሎ። ለሦስት ከፍለን፣ በባልዲ አሟሙተን፣ ቀስ ብለን ነው የጨመርነው። የወጥ ጨው ነው። አዮዲን አለበት ብለው የሚፈሩ አሉ፤ በዚህ መጠን ያለው አዮዲን ግን ዓሣውን አይጎዳውም። ፓንጋሲየስ ጨውን በመጠኑ የሚችል ዓሣ ነው። ማጣሪያው ሲያገግም አሞኒያው ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ያ ደግሞ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ጨው ከዚህም ይከላከላል።

በየቀኑ 250 ሊትር ያህል ውኃ ቀየርን፣ በቱቦ ጠጠሩን ሥሩን እየሳብን። ታች የተጣበቁትን የኢክ ከረጢቶች የሚያወጣው ይህ ነው፤ ከሙቀቱና ከጨው እኩል የሠራው ይመስለኛል። በወጣው ውኃ ልክ ግማሽ ኪሎ ጨው እንመልሳለን። አምፖሉ ጠፍቶ ነው የቆየው። ምግብም ለጥቂት ቀን ቆመ። ኩሽና ያሉት ልጆች ዳቦና የጥብስ ትርፍራፊ ይወረውሩለት ነበር፤ ያን እስከመጨረሻው አስቆምን። ትልቅ ዓሣ ለቀናት ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ የሚበሰብስ ምግብ ግን አሞኒያውን ያባብሳል።

የአፍንጫውን ቁስል ዓሣውን ገንዳ ውስጥ በያዝንበት ጊዜ በጥጥ ጠርገን ቤታዲን ቀባነው፣ ወደ ስንጥቡ እንዳይፈስ ጭንቅላቱን ቀና አድርገን። የቀረውን ሙቀቱና ንጹሕ ውኃው ጨርሰውታል። ወርቃማዎቹን ዓሦች ለየብቻ አወጣናቸው፤ 30 ዲግሪ ለእነሱ ይከብዳል።

በሳምንቱ ገደማ ነጥቦቹ ጠፉ። ሠራተኛው ማሞቂያውን ሊቀንስ ነበር፣ ከለከልኩት። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላ አንድ ሳምንት ጨምረን ቆየን። ከዚያ ሙቀቱን በቀን አንድ ዲግሪ እያወረድን ወደ 26 መለስነው፣ ጨውም በውኃ ቅየራው ቀስ እያለ ወጣ። አሞኒያው ዜሮ ሆነ። ዓሣው መብላት ጀመረ። አፍንጫው ላይ ጠባሳ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ

የአኳሪየሙ መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር ተያያዘ። አምፖሉ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዳይበራ ተደረገ፤ የቤቱ መብራት በርቶ ከቆየ በኋላ በእጅ ይበራል። አዲስ ዓሣ ከመጣ ለአንድ ወር ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቆያል። ባለቤቱ ይህን ጽፈው መስታወቱ ጎን ለጥፈውታል።

የማይፈታው የመጠኑ ጉዳይ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር የደረሰና ገና የሚያድግ ዓሣ በ2 ሜትር መስታወት ውስጥ ሁልጊዜ አፍንጫው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ይህን በግልጽ ነገርኳቸው። ጋሼ በመጀመሪያ ቢሾፍቱ ወስደው ሐይቅ ውስጥ ሊለቁት አስበው ነበር። እንዳያደርጉት ለመንኳቸው። የባዕድ አገር ዓሣ፣ በሽታ ተሸክሞ ሊሆን የሚችል፣ ሐይቃችን ውስጥ መግባት የለበትም። ሱቁም መልሶ አይወስደውም።

አሁን ከካፌው ጀርባ ጣሪያ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ሊያሠሩ ነው፣ ርዝመቱ 5 ሜትር። ውኃውን በፀሐይ ማሞቂያ ለማሞቅ እያሰብን ነው። አዲስ ሲሚንቶ ፒኤቹን ስለሚያንረው ገንዳው ደጋግሞ መሞላትና መፍሰስ አለበት፤ ፒኤቹ ከ8 በታች ረግቶ እስኪቆይ ድረስ ዓሣው አይገባም። እስከዚያ መስታወቱ ውስጥ ይቆያል፣ ውኃውም በየሳምንቱ 250 ሊትር ይቀየራል።